ቁጥሩ እሷ ጋ ነው

ሰበታ፣ ማክሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጠዋቱ ቆጠራ፦ ሁለት መጋረጃ ከነዘንጉ ተሸጠ። አንድ አልጋ ልብስ ተመለሰ፤ ገዢዋ "ሁለቴ ባጥበው ክሩ ተመዘዘ" አለች፣ እውነቷን ነው። አንድ ገጽ ተወጋ። ሌላ አንድ ተበላሽቶ ተቀደደ።

ለልጄ እናት፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የሱሉልታ ብርድ በግንቦትም እንደማይለቅ ስለማውቅ ጠዋት ጠዋት አንቺን አስባለሁ። እህትሽ ደህና ናት? የሹራብ ሥራውስ ገበያ አለው? እኔ ደህና ነኝ። ስኳሬ ልኩ ላይ ነው፤ ሱቁም ቀስ እያለ ይሄዳል። ሰበታ ያው ሰበታ ነው፤ ጠዋት የፋብሪካ ሰርቪስ፣ ማታ የፋብሪካ ሰርቪስ፣ በመሀሉ እኔና መጋረጃዎቼ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ሰው መጥራት አያስፈልግሽም። ወረቀቱን እንደነካሽው በብሬል መጻፉ ገብቶሻል። እኔና አንቺ ሃያ ዓመት ስንኖር፣ ሦስተኛ ሰው ጮክ ብሎ ሳያነበው ልጽፍልሽ የቻልኩት ነገር አልነበረም፤ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ማን እንደወጋልኝ ለማወቅ አትቸኩዪ፤ በቦታው እደርስበታለሁ። ከልጃችን ልጀምር።

በየካቲት መጨረሻ ዕድላዊት ከኪጋሊ ደወለች። በሰኔ መጨረሻ እንደምትወልድ ታውቂያለሽ። ባሏ መልካም ሰው ነው፣ ግን ደም ሲያይ ራሱን ይስታል ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ "አባዬ፣ እማዬን ላክልኝ" አለችኝ። ነገውኑ ትኬት እቆርጣለሁ አልኳት። "አንተ በገዛኸው ትኬትማ አትመጣም፤ ፍሪጁን ረሳኸው እንዴ?" አለች። አልረሳሁትም። ከተለያየን በኋላ የላክሁልሽ ፍሪጅ በሄደበት አይሱዙ፣ በዚያው ቀን ተመልሶ ሱቄ በር ላይ ሲወርድ ግማሹ ሰበታ ቆሞ አይቷል።

ታዲያ ምን ይሻላል ብላት፣ "አየር መንገዱ በበረርክ ቁጥር የሚቆጥርልህ ማይልህ አለ አይደል? ያኔ ጨቅጭቃ ያስመዘገበችህ እኮ እሷ ናት። እሱ የሁለታችሁ ነው፤ በሱ ከሆነ እምቢ አትልም። አውቃታለሁ" አለች። ነገሩ ልክ መሰለኝ። "ፓስፖርትስ አላት?" አልኳት። "አላት፤ አምና አሳድሳለች። ሦስተኛዋ ነው" አለችኝ። አውሮፕላን ረግጠሽ የማታውቂ ሰው ሦስት ፓስፖርት ምን ያደርግልሻል ብዬ ጠየቅሁ። ያን ቀን በማስታወሻዬ ላይ "ፓስፖርት አላት፣ ሦስተኛዋ" ብዬ ጻፍኩና፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ከሥሩ አሰመርኩበት።

እንግዲህ የቀረው የአባልነት ቁጥሩን ማግኘት ብቻ ነበር። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ፕላስቲኩ ካርድ ከሦስት ዓመት በፊት ከአየር ጤና ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከነቦርሳዬ ሄዷል። ሳልጨነቅ የቀረሁት ትኬት የምትቆርጥልኝ ሮዛ ቁጥሩን ኮምፒውተሯ ላይ ስለያዘችው ነው፤ እኔ ስሜን ብቻ እነግራታለሁ፣ ሌላውን እሷ ትሞላለች። ሮዛ ግን ቢሮዋን ዘግታ አግብታ ሄዳለች። ኢሜይሉን የከፈተልኝ የኢንተርኔት ቤት አሁን ፀጉር ቤት ሆኗል። የተመዘገበበት ስልክ ያ የድሮው ሲሜ ነው፤ ብደውልበት አንዲት ሴት ከተጂ አነሳች። ቁጥሩ በፊት የኔ እንደነበር ላስረዳት ስሞክር፣ "ማኛ ነው ሰርገኛ የምትፈልገው? ቁርጡን ንገረኝ፣ መኪና እየጫንኩ ነው" አለችኝ። ለነጋዴ ክፉ መልስ መስጠት ስለማልወድ ዋጋ ጠይቄ ዘጋሁ። ዋጋዋ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ማስታወሻዎቼን አወረድኩ። እንደምታውቂው በየዓመቱ አንድ ደብተር ነው፤ ሃያ ሦስቱንም ገለጥኩ። ዝናብ የዘነበበትን ቀን፣ የጨርቅ ጥቅል ርዝመት፣ የጎረቤት ልቅሶ፣ ሁሉንም ጽፌያለሁ። መጋቢት 4 ቀን 2005 ላይ ስደርስ እንዲህ ይላል፦ "አየር መንገዱ ዘንድ አባል ሆኜ ተመዘገብኩ። ቁጥሩ እሷ ጋ ነው።"

ቁጥሩ ራሱ የለም። "እሷ ጋ ነው" ብቻ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ይህንኑ ቃል መልቀም ጀመረ። የውሃ ቆጣሪው ቁጥር፣ እሷ ጋ። የልጅቷ የክትባት ቀን፣ እሷ ጋ። የሱቁ የኪራይ ውል የሚያልቅበት፣ እሷ ጋ። እስከ 2012 ድረስ አሥራ ሰባት ቦታ አገኘሁ። ከ2012 ወዲህ የለም። እኔ ሁሉን የምጽፍ ሰው ነኝ ስል የኖርኩት፣ ዋና ዋናውን አንቺ ስለያዝሽልኝ ኖሯል።

ታዲያ ለምን አልደወልክልኝም ትዪ ይሆናል። ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቻለሁ። የፋብሪካውን ስልክ ማዞሪያ አሥራ አምስት ዓመት የሠራሽ ሰው፣ ቁጥሩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃልሽ እንደምትወጪው አውቃለሁ። ግን ስንለያይ "ካንቺ የምፈልገው ምንም ነገር የለም" ብዬሽ ነበር። አንቺም ኮትሽን እየለበስሽ "አንድ ቀን ለአንድ ቁጥር ትመጣለህ" አልሽኝ። ይህን በአምስት ዓመቱ ማረጋገጥ ከበደኝ። ደግሞም ለምን እንደፈለግሁት ብትጠይቂኝ መዋሸት ሊኖርብኝ ነው፤ እውነቱን ብነግርሽ ደግሞ፣ ገና ምንም ሳይኖረኝ እምቢ ብትዪስ?

ስለዚህ ቡራዩ ሄድኩ። የድሮ አከራያችን እትዬ ወርቅውሃ ያቺን ካርቶናችንን እስካሁን አልጣሏትም፤ ቆጥ ላይ ነበረች። የሠላሳ አንድ የቻይና ጉዞ ቦርዲንግ ፓስ አንድ ላይ በላስቲክ አስሬ አስቀምጬ ነበር። ቁጥሩ እያንዳንዱ ላይ ታትሟል፣ አስታውሰዋለሁ። ላስቲኩን ስፈታው ሁሉም ነጭ ወረቀት ሆኖ ጠበቀኝ። ያ ዓይነት ወረቀት ሙቀት ሲያገኘው ጽሑፉ ይጠፋል አሉ። እትዬ ወርቅውሃ ነጭ ወረቀት እያገላበጥኩ ሲያዩኝ "አሁንስ ጭራሽ ለየለት" አሉ። ምን እንደፈለግሁ ብነግራቸው፣ "ያቺ ሴት የኔን የቤት ቆጣሪ ቁጥር እስከ ዛሬ ታውቀዋለች፤ ባለፈው መብራት ሲያስቸግረኝ ደውዬ ነው የጠየቅኳት። አንተ የራስህን አጥተህ ካርቶን ትበረብራለህ! ሂድና ጠይቃት እንጂ ወንድሜ፤ አፍ የለህም?" አሉኝ። እንደምትደዋወሉ አላውቅም ነበር። አፍ እንዳለኝ ነገርኳቸው። "ሌላ ጊዜ ሲያስፈልግ አላየነውም" ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

በማግስቱ አየር መንገዱ ቢሮ ሄድኩ። ያኔት የምትባል ትሁት ልጅ አስተናገደችኝ። በስሜ ፈለገች፣ የለም። በልደት ቀኔ ፈለገች፣ የለም። "ጋሼ፣ ቁጥሩ ከሌለ ወይ ኢሜይሉን ወይ ስልኩን ያምጡልኝ" አለች። ኢሜይሉ ፀጉር ቤት መሆኑን፣ ስልኩ ጤፍ እንደሚሸጥ ነገርኳት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ፓስፖርቴን ጠየቀችኝ። ከቆዳ ሽፋኑ ስታወጣው አንድ የክላሴር ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

ያቺ ቁራጭ ሽፋኑን እንድታደነድን የገባች መስላኝ ነበር። ፓስፖርቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ ሽፋኑ ግን አንቺ በልደቴ የሰጠሽኝ ያው ነው። ያኔት ወረቀቷን አንስታ አውራ ጣቷን አስኬደችባት። "ይሄ ብሬል አይደል እንዴ?" አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤው ጨርቅ ልገዛ ቻይና፣ ጓንዡ ተመላልሻለሁ። በጋዝ ሲሊንደሩ፣ በመድኃኒቱ፣ በበርበሬው ጣሳ ላይ ሁሉ እንዲህ ያለ ቁራጭ ታስሪ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ለእኔም አስረሽልኝ ኖሯል። ምናልባት "ቁጥሩን እዚህ ውስጥ አድርጌልሃለሁ" ብለሽኝም ይሆናል። ማስታወሻዬ ላይ የለም።

ወረቀቷን ይዤ በቀጥታ ወደ ቦጂያ ሄድኩ፤ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አብሮሽ የተማረው ቦጂያ፣ አሁንም ከመናኸሪያው ጎን መጥረጊያና ብሩሽ ይሸጣል። ገና ሳልናገር በእርምጃዬ አወቀኝና፣ "አካም ጅርታ፣ ነጋዴው! ዛሬስ ትገዛለህ ወይስ እንደ ልማድህ ዋጋ ጠይቀህ ትሄዳለህ?" አለኝ። ወረቀቷን እጁ ላይ አኖርኩለት። ጣቱ አንዴ ሄዳ ተመለሰች። ፊቱ ተለወጠ። "ይሄ እጅ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ክፍል ውስጥ እንደሷ አጥብቆ የሚወጋ አልነበረም" አለ። ከዚያ ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገረኝ። ስድስተኛው ላይ ቆመ፤ አንዷ ነጥብ በጊዜ ብዛት ተደፍጥጣለች፣ ወይ አንድ ነው ወይ ሁለት አለኝ። ሁለቱንም ጻፍኩ።

ጣቱ ግን ሥራዋን አልጨረሰችም ነበር። ወደ ታች ወረደችና ፈገግ አለ። ምን ይላል አልኩት። "ከዚህ በታች ያለው ቁጥር አይደለም" አለኝ። ታዲያ አንብበዋ ስለው፣ "ቁጥር የመንግሥትም የአየር መንገድም ነው፣ አነብልሃለሁ። ይሄኛው የተጻፈው ላንተ ነው። ከፈለግህ ራስህ አንብበው" ብሎ መለሰልኝ። አምስት መጥረጊያ ልግዛልህ ስለውም አልተበገረም። "አሥርም ብትገዛ!" አለኝ። ሰውየው ነጋዴ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ወደ ያኔት ተመለስኩ። ስድስተኛውን አንድ ብላ ስትሞክር የማላውቀው ሰው መጣ፤ ሁለት ስትል እኔ መጣሁ። በስሜና በልደት ቀኔ ያጣችኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ታወቀ። ፎርሙን ስሞላ የልደት ዘመኔን በእኛ አቆጣጠር 1962 ብዬ ጽፌያለሁ፤ ፓስፖርቱ 1970 ይላል። ስሜም አንድ ፊደል ይለያል። "ጋሼ፣ እኛ ጋ በስምንት ዓመት ይበልጣሉ" አለች። እኔም በዚህ ሰሞን እሱን መስያለሁ አልኳት። የድሮው ነጥብ ጊዜው አልፎ ተቃጥሏል። የመጨረሻዎቹ ጉዞዎች ነጥብ ግን አለ፤ እሱም በፈረንጆቹ ሜይ ማለቂያ፣ በእኛ ግንቦት 23 ይሰረዛል። እስከዚያ ትኬቱ ከተቆረጠ ጉዞው ሰኔም ቢሆን ችግር የለም። ሒሳቡን ሠርታ "ኪጋሊ ደርሶ መልስ ከሆነ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ሁለተኛው ሰው ማነው?" አለችኝ። አንድ ብቻ ነው የምፈልገው አልኩ። ስህተቴን ለማስተካከልም ወረቀት አስገባሁ፤ እሱ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

እኔ ደግሞ ሰባት ሳምንት ፈጀሁ።

እንግዲህ ማን እንደወጋው ልንገርሽ። በየጠዋቱ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ቦጂያ ጎን በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ሰሌዳውንና መውጊያውን አዋሰኝ። ነጥቡ ከቀኝ ወደ ግራ ተወግቶ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚነበብ አልነገረኝም ነበር፣ ወይም ነግሮኝ አልሰማሁም። የመጀመሪያ ገጼን በኩራት ሰጠሁት። ዳሰሰና፣ "ይሄን ለመስታወት ነው የጻፍከው?" አለኝ። መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ሳቀ። ጣቴ የሃምሳ አምስት ዓመት ጣት ነው፤ ጨርቅ ሲለካ የኖረ እንጂ ጨርቅ የሚያውቅ አይደለም። አንድ ፊደል ለመለየት መጀመሪያ እስከ መቶ እቆጥር ነበር። ይህ የምታነቢው ገጽ ሁሉ ከማስታወሻዬ በጣቴ የገለበጥኩት ነው። ጣትሽ የምትሰናከልበት ቦታ ሁሉ የኔ ጥፋት ነው፤ ቦጂያን አትውቀሺው። እንዲያይልኝም አልሰጠሁትም።

ግንቦት 1 ቀን ያቺን የክላሴር ቁራጭ አወጣሁ። ቁጥሩን አለፍኩት። ታችኛውን መስመር ሦስት ጊዜ ሄድኩበት፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ። እንዲህ ይላል፦ "ለሁለት ሰው ሲበቃ ንገረኝ።"

ሱቁን የከፈትኩት በዚያን ቀን አርፍጄ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ፣ አንቺ ታስታውሺዋለሽና ማስታወሱ ለኔ ነው። በ2007 ጥቅምት ላይ ሻንጣዬን ስቆልፍ አጠገቤ ቆመሽ፣ አንድ ጊዜ ይዘኸኝ ብትሄድ ጨርቁን እዚያው ነክቼ እመርጥልህ ነበር አልሽኝ። እኔም "ሄደሽ ምን ታዪያለሽ?" አልኩሽ። የሻንጣውን ዚፕ ያዝሽልኝ። ያን ቀን ማስታወሻዬ ላይ ያለው "ሁለት ሻንጣ፣ በረራው በሰዓቱ ተነሳ" የሚል ብቻ ነው።

ከጓንዡ የማመጣውን ናሙና መጀመሪያ የሚነካው ያንቺ ጣት ነበር። "ይሄ በሦስተኛው እጥበት ይሸበሸባል" ካልሽ ይሸበሸባል። "ይሄን ደግመህ አምጣ" ካልሽ በወር ያልቃል። ሰው የኔን ዓይን ሲያደንቅ ዝም ብዬ እቀበል ነበር። ካንቺ ወዲህ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ተታልያለሁ፤ ዛሬ ጠዋት የተመለሰው አልጋ ልብስም ከዚያው ጥቅል ነው። ይህን ሁሉ የምታውቅ ጣት ይዘሽ ምን ታዪያለሽ ያልኩሽ ሰው እኔ ነኝ። አሁን የፈለግሁት ይቅር እንድትዪኝ አይደለም፤ ይህንኑ በራስሽ ፊደል በእጄ ጽፌ ልሰጥሽ ነው።

ቁጥሩ አሁን የት እንዳለ ልንገርሽ፣ ትጠይቂያለሽና። በዘንድሮው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ ተጽፏል። ስድስተኛዋን አስተካክዬ በአዲስ ክላሴር ወግቼ ሽፋኑ ውስጥ መልሼዋለሁ። በቃሌም ነው። ያንቺን ቁራጭ ግን ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ።

ካስመዘገብሽኝ አሥራ ሁለት ዓመት ዘግይቼ መልሱ ይኸው፦ ይበቃል።

አንዱ መቀመጫ ያንቺ ነው፤ የገዛሁት ሳይሆን አንቺ ያስጀመርሽው ነው። ስለ ሌላው መቀመጫ ምንም ብትመልሺ ይሄ አይለወጥም። ሁለተኛውን ያኔት ባዶ ትታዋለች። ስሙን አላስገባሁም፤ ስሙን የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። እህትሽን ካልሽ እህትሽ ትሁን፤ ለልጃችን አንድም ሁለትም እጅ ይጠቅማታል። የፈለግሽውን ስም ብትዪ እቀበላለሁ።

እመቤቴ ጉልበትሽን ታጽናልሽ። ልጃችንን በሰላም ታውጣት፤ የሚወለደውንም ሕፃን መጀመሪያ የሚዳስሰው ያንቺ እጅ ያድርገው። ለእህትሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ስለ ፍሪጁም አልተቀየምኩም፤ እስካሁን እየሠራ ነው።

የልጅሽ አባት

እንደ ልማዴ የነገውን ከሥር አስፍሬዋለሁ።

ነገ፣ ረቡዕ፦ ሱቁን እስከ ስምንት ሰዓት መዝጋት። በመጀመሪያው ሚኒባስ ሱሉልታ። ደብዳቤውን ለእህቷ ሰጥቶ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት መጠበቅ። የአዲሱን ጥቅል ቁራጭ ይዞ መሄድ፣ ከመግዛቴ በፊት ትንካው። የእሷን ፓስፖርት ተቀብሎ ለያኔት ማድረስ። የራሴንም መያዝ።